መልቀቂያ ከማስገባታችሁ በፊት ራጅ ተነሱ



ሰሞኑን በውስጥ መስመር በብዛት የሚደርሰኝ ጥያቄ የሕመም ጥያቄ አይደለም። «ዶክተር፣ ዘጠኝ ዓመት የሠራሁበት ቋሚ ሥራ አለኝ። አሁን ከዓረብ ሀገር ሆስፒታል የነርስ ውል መጥቶልኛል። ልልቀቅ ወይስ ልቅር?» የሚል ነው። ነርሷ ብቻ አይደለችም፤ የላብራቶሪ ባለሙያውም፣ መምህሩም፣ የባንክ ሠራተኛውም ይህንኑ ይጠይቃሉ። «ሂዱ» ወይም «ቅሩ» ማለት የኔ ድርሻ አይደለም። ግን አንድ አቋም አለኝ። ችግሩ ብዙ ጊዜ ያለው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ሰው መጀመሪያ መልቀቂያ ያስገባል፣ ሽኝት ይደረግለታል፣ ፍሪጁንና አልጋውን ይሸጣል፤ ለጤና ምርመራ የሚሄደው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እኔ ደግሞ ምርመራው መጀመሪያ ይሁን ባይ ነኝ።

ስለ ገንዘቡ ብዙ አልልም፤ ኪሳችሁ ነግሯችኋል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲሆን ከተደረገ ወዲህ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። ደሞዛችን በዚያ ፍጥነት አልሮጠም። ይህን አይቶ ለሚሄድ ሰው፣ በተለይ ለጤና ባለሙያ፣ «ሀገርህን ጥለህ?» የሚል ስብከት ሲሰጥ ያናድደኛል። ሰባኪው ብዙ ጊዜ የቤት ኪራይ የማይከፍል ሰው ነው።

ወደ ምርመራው ልምጣ። ወደ ሳዑዲ፣ ኤምሬትስ፣ ኳታር፣ ኩዌት፣ ኦማንና ባሕሬን ለሥራ የሚሄድ ሰው በጤና ምርመራ ማለፍ አለበት። ደም ይሰጣል፣ የደረት ራጅ ይነሳል። ከሚታዩት ዋና ዋናዎቹ ኤችአይቪ፣ የጉበት ቫይረስ ቢ እና ሲ፣ ቂጥኝ እና የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ናቸው፤ ለሴቶች የእርግዝና ምርመራም አለ። መጨረሻ ላይ የሚመጣው መልስ አጭር ነው፤ ወይ ብቁ ነሽ፣ ወይ ብቁ አይደለሽም። «አንድም ቀን ታምሜ ተኝቼ አላውቅም» የሚል ሰው ብቁ አይደለህም ሲባል የሚደርስበትን ድንጋጤ አስቡት። ይህን የሚሰማው ሥራውን ከለቀቀ በኋላ ከሆነ ደግሞ በአንድ ቀን ሁለቱንም ሥራ አጣ ማለት ነው።

ጤነኛ የሚመስል ሰው ለምን ይወድቃል? በኛ ሀገር የጉበት ቫይረስ ቢ ብዙዎችን የሚይዘው ሲወለዱ ከእናት ወይም ገና በሕፃንነት ነው። በዚያ ዕድሜ የገባ ቫይረስ አብዛኛውን ጊዜ ከሰውነት አይወጣም፤ ለአሥርት ዓመታት ምንም ምልክት ሳያሳይ ይቀመጣል። ክትባቱ በመደበኛው የሕፃናት ክትባት ውስጥ የገባው በ1999 ዓ.ም ስለሆነ፣ ዛሬ ሥራ ላይ ያለው አብዛኛው ሰው በሕፃንነቱ አላገኘውም። የጤና ባለሙያ ከሆናችሁ ደግሞ በሌሊት ዱቲ የወጋችሁ መርፌ ሊኖር ይችላል። እና ጉበቷ ደህና የሚሠራ፣ በሽተኛ ስታነሳ ስትጥል የምትውል ነርስ ውጤቷ «ፖዘቲቭ» ሊሆን ይችላል።

ሌላው ጠባሳ ነው። ከዓመታት በፊት ቲቢ ታሞ፣ የስድስት ወር መድኃኒቱን ጨርሶ የዳነ ሰው ሳንባው ላይ ምልክት ሊቀርበት ይችላል። ለእኔ ያ ምልክት የዳነ ቁስል ነው፤ ወደ ማንም አይተላለፍም። እዚያኛው ምርመራ ላይ ግን ጠባሳውም ሊጥል ይችላል። የጉበት ቫይረስ ሲም የራሱ ጣጣ አለው። ዛሬ ብዙ ጊዜ በ12 ሳምንት ክኒን የሚድን በሽታ ሆኗል። ነገር ግን ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት የሠራው ፀረ እንግዳ አካል ከዳኑም በኋላ በደም ውስጥ ስለሚቆይ፣ የመጀመሪያው ምርመራ «ፖዘቲቭ» ማለቱን አያቆምም። የዳነ ሰው ቫይረሱ ራሱ በደሙ ውስጥ እንደሌለ የሚያሳይ ውጤት በእጁ ይያዝ። ፍትሐዊ ነው ወይ ካላችሁኝ፣ አይደለም። በዳነ ጠባሳ ሰው መመለስ ሕክምና አይባልም፤ የወረቀት ሥራ ነው። ግን ደንቡ የእነሱ ነው፣ እኛ ስለተበሳጨን አይቀየርም።

ደግነቱ የሁሉም ሀገር ደንብ አንድ አይደለም። አሜሪካ እ.ኤ.አ ከጥር 2010 ጀምሮ ኤችአይቪን የመግቢያ ክልከላ ማድረጓን ትታለች። የጉበት ቫይረስ ቢ መኖሩ ብቻውን ቪዛ አያስከለክልም። በምርመራው ቲቢ የተገኘበት ሰው ደግሞ ሕክምናውን ጨርሶ መሄድ ይችላል። አንድ ቦታ «አትችልም» የተባለ ሰው በሽተኛ ተብሎ ለዕድሜ ልክ የተፈረደበት ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም።

በጣም የምፈራው ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ነው። ሥራ የለቀቀ ሰው ይቸኩላል፣ የሚቸኩል ሰው ደግሞ ደላላ እጅ ይወድቃል። «ውጤቱን እናስተካክልልሃለን» የሚል አለ። «በ21 ቀን ቫይረሱን ጠርጎ የሚያወጣ የባህል መድኃኒት» የሚሸጥም አለ። እወቁ፤ የጉበት ቫይረስ ቢን በሳምንታት ጠርጎ የሚያወጣ መድኃኒት እስከ ዛሬ የለም። ያሉት መድኃኒቶች ቫይረሱን ያዳክማሉ፣ ጉበትን ከጉዳት ይጠብቃሉ። ምንነቱ ያልታወቀ ብጥብጥ ግን ደህና የነበረውን ጉበት ራሱ ሊያጠፋው ይችላል። በዚያ ላይ ውጤት በገንዘብ ቢስተካከል እንኳ፣ እዚያ ስትደርሱ ለመኖሪያ ፈቃድ እንደገና ትመረመራላችሁ። ያኔ የምትመለሱት ዕዳ ይዛችሁ ነው።

ስለዚህ የወረቀት ሥራችሁን ሥራ ላይ ሆናችሁ ጨርሱ። የዲግሪና የሥራ ልምድ ማጣራቱም፣ የፈቃድ ፈተናውም ቢሮ እየገባችሁ የሚያልቅ ነገር ነው። ደግሞም የሥራ ልምድ ደብዳቤ የሚጽፍላችሁ ያው የምትለቁት መሥሪያ ቤት ነው፤ ተጣልታችሁ አትውጡ። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚተዳደር ሠራተኛ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ብዙዎች እንደ እንቅፋት ያዩታል፤ እኔ ግን ቪዛው እጃችሁ ከገባ በኋላ ብትሰጡት ይበቃል ነው የምለው። ያለ ደሞዝ ፈቃድ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት ካላችሁማ ሳታፍሩ ጠይቁ። ቢበዛ እምቢ ነው የሚሏችሁ።

አንድ ሌላ ነገር፤ ይህ ከራጁ ጋር አይያያዝም ግን ሐኪም ስለሆንኩ አልዘለውም። የምትሸሹት ሥራውን ነው ወይስ ድካሙን? የዓለም የጤና ድርጅት በሥራ ምክንያት የሚመጣን መዛል በሦስት ነገር ይገልጸዋል፤ ጉልበት ማለቅ፣ ለሥራው መሰልቸትና መራራ መሆን፣ «ምንም አልረባም» የሚል ስሜት። በዚህ ስሜት ውስጥ ላለ ሰው ከዚህ ውጪ ያለ ቦታ ሁሉ ገነት ይመስለዋል። እዚያም ግን የ12 ሰዓት ሽፍት አለ፣ ሌሊትም አለ፣ ሲደክማችሁ ቡና የምታፈላላችሁ ጎረቤት የለችም። በዚሁ አዋጅ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አላችሁ፤ ዘጠኝ ዓመት የሠራ ደግሞ ከዚህ በላይ አለው። ሳይወስዱት የሚከማችባቸው ስንቶች ናችሁ? ውሰዱት። ተኙ። ሁለት ሳምንት እንቅልፍ ከጠገባችሁ በኋላም «እሄዳለሁ» ካላችሁ፣ እኔ ያን ውሳኔ አምነዋለሁ።

ከሄዱት ያስተዋልኩትን ልጨምር። «ለመለወጥ» ብሎ የሄደና «ይህን ያህል ገንዘብ፣ ለዚህ ጉዳይ፣ እስከዚህ ዓመት» ብሎ የሄደ አንድ አይደሉም። ሁለተኛው ናፍቆቱን ይችለዋል፤ የሚቆጥረው ቀን አለው። የመጀመሪያው ውሉን ሲያድስ ይኖራል። ውሉ ቤተሰብ ይዞ መግባት ይፈቅዳል? ካልፈቀደ የሁለት ዓመት ልጅ ሁለት ዓመት ስትቆዩበት ዕድሜው እጥፍ ሆኖ ይጠብቃችኋል። እናታችሁ የደም ግፊት ካለባቸው የመድኃኒቱን ገንዘብ መላክ ቀላሉ ነው። ግፊቱን የሚለካው፣ «እማ፣ የዛሬውን ዋጥሽ?» የሚለው ማን እንደሆነ በስም ካልጠራችሁ ገና አልጨረሳችሁም።

ራሳችሁም የምትወስዱት መድኃኒት ካለ የሐኪም ደብዳቤ ያዙ። እንደ ትራማዶልና ዳያዜፓም ያሉት በነዚያ ሀገራት ጥብቅ ቁጥጥር አለባቸው፤ ያለ ማስረጃ በሻንጣ መያዝ ሊያሳስር ይችላል።

እንግዲህ ውል መጥቶላችሁ እያሰባችሁ ከሆነ በዚህ ሳምንት የጉበት ቫይረስ ቢ እና ሲ፣ የኤችአይቪ ምርመራና የደረት ራጅ አድርጉ። የቢ ውጤታችሁ ኔጌቲቭ ከሆነ ክትባቱን ጀምሩ፤ ሦስት ጊዜ ነው፣ ሁለተኛው ከአንድ ወር፣ ሦስተኛው ከስድስት ወር በኋላ። ፖዘቲቭ ከሆነ ሁሉም ሰው መድኃኒት አይጀምርም፤ የጉበት ኢንዛይም፣ የቫይረሱ መጠንና አልትራሳውንድ ታይቶ ይወሰናል። ክትትሉ ግን ሳይቋረጥ ይቀጥላል፣ የትዳር አጋርና ልጆችም ይመረመራሉ፣ ነጻ የሆኑት ይከተባሉ። ብትሄዱም ባትሄዱም ይህን ማወቃችሁ ጉበታችሁን ያተርፋል።

ጥያቄ ያላችሁ ከታች ጻፉልኝ። የምርመራ ውጤታችሁን ፎቶ ግን አደባባይ ላይ አትለጥፉ፤ በውስጥ መስመር ላኩልኝ።