«ይሁን» ብሎ የሚሄድ ደንበኛ

በአዲስ አበባ በምሳ ሰዓት ከልኳንዳ ቤቶችና ከትንንሽ ምግብ ቤቶች በር አጠገብ ቆሞ የሚወጣውን ሰው ፊት ለተመለከተ ሁሉ፣ በንግድ መዝገብ ላይ ከቶ የማይጻፍ አንድ ኪሳራ ይታየዋል። ደንበኛው በልቷል፤ ሂሳቡን ከፍሏል፤ ለአሳላፊውም ጉርሻ ትቷል። ባለቤቱ ከገንዘብ መቀበያው ኋላ ሆኖ «እግዜር ይስጥልኝ፤ ደግሞ ይምጡ» ሲለው ደንበኛው አንገቱን ዝቅ አድርጎ «እሺ» ይላል። ዳሩ ግን አይመለስም። ባለቤቱም ደንበኛው ለምን እንደቀረ የሚነግረው ሰው ስለሌለ፣ ገበያው መቀዝቀዙን ባየ ጊዜ ምክንያቱን ከዘመኑ ክፋት፣ ከጎረቤቱ ምቀኝነት ወይም ከሰው ዐይን ይፈልገዋል እንጂ ከገዛ ሚዛኑ አይፈልገውም።

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት፣ አራት የሥራ ባልደረቦች ደመወዝ በተቀበሉ ማግስት ወደ አንድ ልኳንዳ ገቡ እንበል። ከመካከላቸው ሥጋ ማወቅ የሚያስመሰግነው አንዱ ተነሥቶ ወደ መቁረጫው ይቀርብና «አንድ ኪሎ ከሽንጡ፤ ግማሹ ለቁርጥ፣ ግማሹ ለጥብስ» ብሎ ያዛል። ቆራጩ ቢላዋውን ሞርዶ ይቆርጣል፤ የቆረጠውንም ፊቱ ወደ ራሱ በዞረ ሚዛን ላይ ጣል አድርጎ፣ ቁጥሩ ሳይረጋ ያነሣዋል። ያዘዘው ሰው ያየው ነገር ቢኖር የቆራጩን የእጅ ፍጥነት ብቻ ነው። ጥቂት ቆይቶ ቁርጡ በአዋዜና በሚጥሚጣ ታጅቦ ይቀርባል፤ ጥብሱም ሽንኩርቱ በዝቶ፣ አጥንቱና ስቡ ከሥጋው ጋር እኩል ሆኖ ይደርሳል። አራቱ ይተያያሉ። አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይኼ ኪሎ ነው?» ይላል። ሌላው ቶሎ ብሎ «ተው ባክህ፣ ለሥጋ ብለን ከሰው ልንጨቃጨቅ ነው? ይሁን» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። በሚቀጥለው ወር አራቱም ሌላ ቤት ይሄዳሉ። ከአራቱ እያንዳንዱ ደግሞ የሚያውቃቸው ሌሎች ሰዎች አሉት።

እዚህ ላይ ለልኳንዳው ነጋዴ ፍትሕ መስጠት ይገባል። ሥጋ እሳት ባገኘው ጊዜ ውኃውን ስለሚለቅ ክብደቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህም በትክክል ተመዝኖ የተጠበሰ ግማሽ ኪሎ በሸክላው ላይ ሲቀርብ ለበላተኛው ዐይን ያነሰ መስሎ ይታያል። ጥሬውን ሲመዘን ያላየ ሰው እሳቱ የወሰደውንና ቆራጩ ያስቀረውን ለይቶ ሊያውቅ አይችልም። እንግዲህ ሚዛኑን ወደ ራሱ ያዞረ ሐቀኛ ነጋዴ፣ አጭበርባሪው የሚታማበትን ሐሜት ሳያጠፋ በትከሻው ይሸከማል ማለት ነው። ሚዛኑን ወደ ደንበኛው ማዞር ለገዢው የሚደረግ ውለታ ሳይሆን ነጋዴው ስሙን የሚጠብቅበት ጋሻ ነው፤ ዋጋውም አንድ ሳንቲም አይደለም።

«ይሁን» የምትለዋ ቃል በልኳንዳ ብቻ የምትነገር አይደለችም። ዓይብና ሞርታዴላ እየከተፉ በሚሸጡት መደብሮችም ትሰማለች። ገዢው ሁለት መቶ ግራም ይጠይቃል፤ ሻጩ ማሽኑ ላይ ሆኖ ይከትፋል፣ ይከትፋል፤ በመጨረሻም ሦስት መቶ ሊሞላ የተቃረበውን በወረቀት ጠቅልሎ ከጨረሰ በኋላ «ትንሽ አለፈ፤ ይሁን?» ብሎ ይጠይቃል። የተጠቀለለ ነገር አስፈትቶ የሚያስቀንስ ደንበኛ ከስንት አንድ ነው። ሻጩ በዚያች ቀን መቶ ግራም አብልጦ ሸጧል፤ ደንበኛው ግን ከዚያ ወዲያ በዚያ በር ሲያልፍ ኪሱን መዳበስ ይጀምራል።

ይህ ዝምታ ከየት እንደመጣ መመርመር ይጠቅማል። በኢትዮጵያ ምግብ ለእንግዳ የሚቀርብ እንጂ የሚሸጥ ነገር ሆኖ አልኖረም። እቴጌ ጣይቱ በሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ በአዲስ አበባ ሆቴል ባስከፈቱ ጊዜ ሰው ሁሉ በገንዘብ ምግብ ገዝቶ መብላትን አፍሮ ስለነበር፣ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ሄደው በልተው ከፍለው አስተማሩ እየተባለ ሲነገር ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ መክፈሉንም ሁሉም ተምሯል። ነገር ግን ሰው በምግብ ቤት ሲቀመጥ ግማሽ ልቡ እስከ ዛሬ እንግዳ ነው። እንግዳ ደግሞ የቀረበለትን አይመዝንም፤ ዋጋውን አስቀድሞ አይጠይቅም፤ ወጡ ቀጠነ አይልም። ይህ መልካም ባሕርይ ነው። ችግሩ ባለቤቱ በበኩሉ ግማሽ ጋባዥ ሆኖ አለመገኘቱ ነው። በገዢው ይሉኝታ የሚነግድ ሰው ከአገሩ ባሕል ላይ ይበደራል፤ ብድሩም የሚከፈልበት ቀን አለው።

ቡና ወደ ውጭ የሚልኩ ነጋዴዎች ይህን ነገር ከማንም ይበልጥ ሊያስተውሉት በተገባ ነበር። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር የተመሠረተበት ሐሳብ፣ ምርቱ በመጋዘን ተመዝኖና ደረጃ ወጥቶለት፣ ገዢና ሻጭ ስለ ክብደትና ስለ ጥራት ሳይጨቃጨቁ እንዲገበያዩ ነበር። የውጭ አገር ገዢም ናሙናውን ሳይቀምስ፣ የክብደቱን ማስረጃ ሳይመለከት ገንዘቡን አይልክም፤ ላኪውም በዚህ አይቀየምም። እንግዲህ ሲነጋ በግራም የሚከራከር ያው ላኪ፣ ቀትር ላይ ያላየውን ግማሽ ኪሎ ከፍሎ ሲወጣ ማየት እጅግ የሚያስገርም ነው።

ሕጉም ቢሆን ስለዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፣ ሸማች ስለሚገዛው ነገር በቂና ትክክለኛ መግለጫ እንዲያገኝ፣ ዕቃ ስላማረጠ ወይም ዋጋ ስለተደራደረ ብቻ ለመግዛት እንዳይገደድ፣ በትሕትናና በአክብሮት እንዲስተናገድ ደንግጓል፤ የዋጋ ዝርዝር በሚታይ ቦታ እንዲለጠፍም አዝዟል። በብዙ ቤቶች ዝርዝሩ በእርግጥ ተለጥፏል። ነገር ግን አንዳንዱ ከማቀዝቀዣው ጀርባ ነው፤ አንዳንዱም በላዩ ላይ ሦስት ጊዜ ወረቀት ተለጥፎበት የትኛው ዋጋ እንደጸና ለማወቅ ጠበቃ ያሻል።

ስለ ዋጋ ከተነሣ ዘንድ የባለቤቶቹም ጭንቀት ሳይነገር መታለፍ የለበትም። የሰንጋው፣ የጤፉ፣ የዘይቱ፣ የሽንኩርቱና የቤት ኪራዩ ዋጋ በየጊዜው ይወጣል። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚመጣው ነገር ሁሉ በብር ሲመነዘር ምን ያህል እንደከበደ አስመጪዎች ከማንም አስቀድመው ያውቁታል። በዚህ ጊዜ ምግብ ቤቱ ሁለት መንገድ ይቀርቡለታል፤ ወይ ዋጋውን በግልጽ ይጨምራል፣ ወይ ዋጋውን እንዳለ ትቶ መጠኑን ይቀንሳል። ብዙው ሁለተኛውን ይመርጣል። እንጀራው ይጠብባል፤ ሽሮው ይቀጥናል፤ በየዓይነቱ ላይ ከነበሩት ወጦች አንዱ ሳይሰናበት ይጠፋል፤ የማኪያቶው ወተት አረፋ ብቻ ይሆናል። ባለቤቱ ይህን ሲያደርግ ደንበኛው የማያስተውል ይመስለዋል። ይሁን እንጂ አንድን ምግብ በየቀኑ የሚበላ ሰው የዚያን ምግብ መጠን ከሚዛን ይበልጥ ያውቀዋል። የዋጋ መጨመር ያሳዝናል፤ ሰውም አዝኖ ወይ ይከፍላል፣ ወይ ሩብ ኪሎ በማዘዝ ፈንታ ሽሮ ያዝዛል። የመጠን መቀነስ ግን ተታለልሁ ያሰኛል፤ የተታለለ ሰውም ጓዙን ጠቅልሎ ይሄዳል። አሥር ብር ጨምሮ «ጤፍ ስለተወደደ ነው» ብሎ የሚናገር ባለቤት፣ ከእንጀራው ጠርዝ ላይ ከሚሰርቅ ባለቤት ረዘም ያለ ዕድሜ ይኖረዋል።

ከዚህ ጋር የሚዛመድ አንድ ሌላ ነገር አለ። በሰሌዳው ላይ መቶ ብር ተብሎ የተጻፈ ምግብ፣ የአገልግሎት አሥር በመቶ ሲጨመርበት መቶ አሥር ይሆናል፤ በዚያ ላይ አሥራ አምስት በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታሰብ 126 ብር ከ50 ሳንቲም ይወጣል። ታክሱ የመንግሥት ነው፤ አይቀርም። ነገር ግን መቶ ብር ቆጥሮ ለገባ ሰው ይህ ቁጥር የሚነገረው ከበላ በኋላ ከሆነ፣ ጣፋጩ ምግብ በአፉ ውስጥ ይመራል። በሰሌዳው ላይ 126 ከ50 ብሎ መጻፍ ምን ያስቸግራል? ምናልባት አንዳንዱ ሰው ከበር ይመለስ ይሆናል። የተመለሰው ግን ሳይቀየም ስለተመለሰ ደመወዝ ባገኘ ቀን ይመጣል።

ንግዱ ደንበኛው ማወቅ የሚፈልገውን ነገር በግልጽ መጻፍ እንደሚችል ማስረጃ አለ። የክርስቲያን ሥጋ ቤትና የሙስሊም ሥጋ ቤት በየበራቸው ላይ ማንነታቸውን ጽፈው፣ ምልክታቸውንም ሰቅለው ይሠራሉ፤ ማንም በስሕተት አይገባም፤ በዚህ ነገር የሚቀልድ ነጋዴም የለም፤ ቢገኝ በማግስቱ ሱቁ እንደሚዘጋ ያውቃልና። በጾም ወራትም ጥሩዎቹ ቤቶች የጾሙን ምግብ ድስትና ጭልፋ ይለያሉ። እንዝህላሎቹ ግን «የጾም ነው ወይ?» ተብለው ሲጠየቁ ዘወር ሳይሉ «አዎ» ይሉና ቅቤ በነካ ድስት የተሠራውን ያቀርባሉ። በዚህ ጉዳይ ላይ ደንበኛው «ይሁን» አይልም። ስለ ሃይማኖት የሚደረገው ይህን የመሰለ ጥንቃቄ ስለ ኪሎና ስለ ብር የማይደረገው፣ ደንበኛው በሁለተኛው ነገር ዝም ስለሚል ብቻ ነው።

ስለ አሳላፊዎች ብዙ ይባላል፤ አብዛኛውም ያለ አግባብ ነው። «ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚል ጽሑፍ ከግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ከሥሩ የቆመው አሳላፊ በመስኮት ወደ ውጭ ቢመለከት፣ የወር ደመወዙን መጠየቅ ይቀድማል። ከደመወዙ ይልቅ በጉርሻ የሚኖር ሠራተኛ ጉርሻ የሚሰጠውን ጠረጴዛ ለይቶ ማገልገሉ አይቀርም። መልስ በመስጠት ፈንታ ማስቲካ መስጠት የተለመደ በነበረበት ጊዜ ይደርስ የነበረው ጭቅጭቅ፣ ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ሰው በስልኩ መክፈልን እየለመደ ስለሄደ ቀለል ብሏል።

የአስመጪዎችም ድርሻ ትንሽ አይደለም። ቁጥሩን በሁለት ወገን የሚያሳይ ሚዛን አስመጥቶ መሸጥ አንድ ነገር ነው፤ የተሸጠው ሚዛን እየቆየ ሲዛባ የሚያስተካክል ባለሙያና መለዋወጫ ማዘጋጀት ግን ሌላ ነው። የቡና ማሽን በብዙ ገንዘብ ገዝቶ ለአንዲት ጎሚኒ ወራት የሚጠብቅ ቡና ቤት አለ፤ እስከዚያ ድረስ የሚወጣው ቡና ውኃ ውኃ ሲል ደንበኛው ማሽኑን አይረግምም፤ የሚረግመው ቤቱን ነው። ማሽኑን ሸጦ ጎሚኒዋን የረሳ አስመጪ የራሱን ገዢ ገዢዎች እያባረረ መሆኑን ልብ ሊለው ይገባል።

በጎ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1953 የተመሠረተው ቶሞካ ቡና በፒያሳ ቤቱ ሰውን በቁም ሲያስተናግድ ኖሯል። ደንበኛው ወንበር ባጣ ጊዜ ያልተቀየመው፣ ለሚያገኘው ነገር አስቀድሞ ስለሚያውቅ ነው፤ ቡናው ይቆላል፣ ይመዘናል፣ ይፈጫል፣ ይቀዳል፤ ይህም ሁሉ በፊቱ ይሆናል። ስማቸው ከሠፈራቸው ባይወጣም በየመንደሩ ሽሮ የሚሸጡ እናቶች ደግሞ አሉ። ድስቷ እየተንተከተከች ከቀረበች በኋላ አንድ ጊዜ ዞር ብለው ይመጡና «እንጀራ ልጨምርልህ፣ ልጄ?» ይላሉ። ግማሽ እንጀራ የምታወጣው ወጪ በሂሳብ መዝገብ ሊሰላ ይችላል። በእነዚያ ቤቶች በቀትር ተራ የሚጠብቀው ሰው ብዛትም እንዲሁ ሊቆጠር ይችላል።

የደንበኛውን ዝምታ ለመስማት የሚፈልግ ባለቤት ሐሳብ መስጫ ሣጥን ከመስቀሉ በፊት ሊያደርገው የሚችለው ነገር አለ። በሳምንት አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ከገንዘብ መቀበያው ተነሥቶ፣ በመጸዳጃው በር አጠገብ ባለችው ማንም በማይወዳት ጠረጴዛ ይቀመጥ። አሳላፊው እስኪያየው ይጠብቅ። እጁን በዚያው ቧንቧ ይታጠብ፤ ውኃ ከሌለም መኖር አለመኖሩን ይወቅ። ግማሽ ኪሎ ጥብስ ይዘዝ፤ ሲመዘንም ደንበኛ ከሚቆምበት ስፍራ ቆሞ ሚዛኑ ይታየው እንደሆነ ይመልከት። በልቶ ሲጨርስም ሂሳቡን ያስመጣና በሰሌዳው ላይ ከተጻፈው ጋር ያስተያየው።