በአሥር ዓመት አንዴ የሚሸጠውን ዕቃ ማን ያሻሽጠው?

ሶዶ ከተማ ውስጥ ሱቅ ከፍቶ የሰነበተ ነጋዴ ሁሉ ይህችን ደንበኛ ያውቃታል። ትገባለች፤ የስኳር ዋጋ ትጠይቃለች፤ ሳሙና አንስታ ታገላብጣለች። ወንዶቹ ገበያተኞች ዕቃቸውን ይዘው እስኪወጡ ድረስ ታዘግማለች። በመጨረሻ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ሞዴስ አለ?» ትላለች። ባለሱቁም ከታችኛው መደርደሪያ ያወጣና በአሮጌ ጋዜጣ ጠቅልሎ ይሰጣታል። (ይህም ጋዜጣ ከሳምንት በኋላ ለዚሁ አገልግሎት መዋሉ አይቀርም።)

ሞዴስ የዕቃው ስም አይደለም። ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያወጣው የንግድ ስም ነው። ዛሬ ግን ከየትኛውም ፋብሪካ ይምጣ የወር አበባ መጠበቂያው ሁሉ ሞዴስ ይባላል፤ የውኃ ፕላስቲኩ ሁሉ ሃይላንድ እንደሚባለው ማለት ነው። የንግድ ስሙ የዕቃው መጠሪያ እስኪሆን ድረስ የተሸጠ ሸቀጥ ገበያው ትንሽ ነው ሊባል አይችልም። ሆኖም ስለ ቅቤ፣ ስለ ቦሎቄና ስለ ሲሚንቶ ዋጋ ቀኑን ሙሉ የሚከራከር ነጋዴ ስለዚህኛው ሲነሣ ዝም ይላል። ሒሳብ ግን ይሉኝታ አያውቅም።

እስቲ ሒሳቡ ይሠራ። አንዱ እሽግ 60 ብር ነው ቢባል፣ በወር አንድ እሽግ የሚበቃት ሴት በዓመት 720 ብር፣ በ10 ዓመት 7,200 ብር ታወጣለች። እናትና ሁለት ለአቅመ ሔዋን የደረሱ ልጆች ባሉበት ቤት ደግሞ ይህ በ3 ይባዛና 21,600 ብር ይሆናል። አንድ እሽግ የማይበቃቸው ብዙዎች መሆናቸው ሳይዘነጋ ነው። ዋጋውም ባለበት አይቆምም፤ ምክንያቱም የሚጣለው ሞዴስ ሆዱ ውስጥ ያለው የእንጨት ጭረትና ፈሳሽ መጣጭ ኬሚካል በአብዛኛው በዶላር የሚመጣ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። ይህ ነገር ከአዲስ አበባ ጅምላ አከፋፋይ እስከ አረካና ቦዲቲ ችርቻሮ ድረስ ወርዶ የሚያርፈው በዚያች ድምጿን ዝቅ አድርጋ በምትጠይቀው ሴት ላይ ነው። የዋጋ ጭማሪውን ተከራክራ አታስቀንስም፤ ክርክሩ ጮክ ብሎ መናገርን ይጠይቃልና። ከዚያ ይልቅ አንዱን ሞዴስ ከሚገባው ሰዓት በላይ ትቆይበታለች፤ ወይም ወደ ጨርቁ ትመለሳለች።

ካፕ የሚባለው ነገር የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ከሕክምና ሲልከን የሚሠራ፣ ትንሽ ደወል የምትመስል ለስላሳ ኩባያ ነው። ደሙን አይመጥም፤ ወደ ውስጥ ገብቶ ይቀበላል። እስከ 12 ሰዓት ድረስ ይቆይና ወጥቶ ይደፋል፤ ይታጠብና ይመለሳል። የወሩ ጊዜ ሲያበቃ ይቀቀላል፤ ይቀመጣል። በወጉ የተያዘ አንድ ካፕ እስከ 10 ዓመት ያገለግላል። በአገራችን ካስተዋወቁት መካከል ሣራ ኤክሉንድ የመሠረቱት ኖብል ካፕ አንዱ ነው።

ላንሴት ፐብሊክ ሄልዝ የተባለው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ግምገማ 43 ጥናቶችንና 3,300 ያህል ተጠቃሚዎችን ያካተተ ነበር። ማፍሰሱ ከሌሎቹ መጠበቂያዎች እንደማይበልጥ፣ ምናልባትም እንደሚያንስ፣ መጠቀሙን ከለመዱትም ውስጥ 70 በመቶ ያህሉ ለመቀጠል እንደሚፈልጉ ገልጿል። በ99 አገሮች 199 የካፕ ዓይነቶች ተቆጥረው ዋጋቸው ከ1 ዶላር በታች ጀምሮ እስከ 46 ዶላር ገደማ ይደርስ ነበር። በ10 ዓመት ሲሰላ ወጪው በየወሩ 12 ሞዴስ ከመግዛት ጋር ሲነጻጸር 5 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ይኸው ዕቃ ሶዶ ደርሶ 1,500 ብር ተሸጠ ቢባል እንኳ በ25 እሽግ ዋጋ፣ ማለትም በሁለት ዓመት ግድም፣ ወጪውን ይመልሳል። የተረፈው 8 ዓመት የገዢዋ ነው።

ታዲያ እንዲህ ያለ ዕቃ ለምን በየሱቁ አይደረደርም? መልሱን ፈጠራው ራሱ ከጥንት ጀምሮ ይዞት ኖሯል። ሊዮና ቻልመርስ የተባሉ አሜሪካዊት ተዋናይት ካፕን በፓተንት ያስመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ1937 ነው። ከዚያ የዓለም ጦርነት መጣና ጎማ ጠፋ። ቆይቶ ታሴት በሚል ስም እንደገና ቢሞከርም አልዘለቀም፤ አንዴ የገዛች ሴት ተመልሳ አትመጣምና። በኋላ ታሳዌይ የተባለ አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት ካፕ እስከ ማውጣት ተደርሷል! ዕቃውን ዕቃ ያደረገውን ጠባይ አውጥቶ መጣል ማለት ይህ ነው። ነጋዴውን ግን መውቀስ አይቻልም። በየወሩ የሚመለስ ደንበኛ ያለው ባለሱቅ በ10 ዓመት አንዴ የሚሸጥ ዕቃ ደርድሮ ገንዘቡን ለምን ያስር?

ሁለተኛው እንቅፋት ዕቃው ራሱ ነው። ስለ ካፕ የሚያወሩ በጎ አድራጊዎች ይህን ማለፍ ይወዳሉ፤ ነጋዴ ግን ሊያልፈው አይገባም። የተጠቀሙት ሴቶች የሚናገሩት ከአገር አገር ብዙም አይለያይም። በመጀመሪያው ወር ፍርሃት ነው፤ «ጠፍቶ ቢቀርስ?» ይላሉ። (አይጠፋም፤ የሚሄድበት የለውም።) አጣጥፎ ማስገባቱ ያስቸግራል፤ በደንብ ሳይዘረጋ ሲቀር ያፈሳል፤ ለማውጣት ሲጎተት ያማል። ተስፋ ቆርጠው የሚተዉም አሉ። ሁለትና ሦስት ወር ከታገሱ በኋላ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ካፑን መልበሳቸውን ይረሱታል፤ ጉዞ ሲያቅዱ ቀን መቁጠር ይተዋሉ። ከሁለት እስከ አምስት ወር የመለማመጃ ጊዜ እንደሚያስፈልግ ጥናቶቹም ያረጋግጣሉ። እንግዲህ ባለሱቁ ሸጦ «በይ ደህና ሁኚ» ብሎ የሚያሰናብተው ዕቃ አይደለም። ልኩ ሁለት ዓይነት ነው፤ የወለደችና ያልወለደች አንድ አይወስዱም። ይህን ወንድ ባለሱቅ ቆሞ ሊያስረዳ ነው? ሶዶ ገበያ መሐል?

ለሁሉም የሚሆን ነው ማለትም ስሕተት ነው። ሉፕ ያስገባች ሴት ካፑን ስትስብ ሉፑም አብሮ የወጣበት አጋጣሚ ስለተመዘገበ በቅድሚያ ሐኪም ወይም አዋላጅ ነርስ ማማከር አለባት። የሦስት ወር መርፌ የምትወስደውም፣ በአገራችን ብዙዎቹ ይህንኑ ነው የሚወስዱት፣ የወር አበባዋ ሊዛባ ወይም ጨርሶ ሊቀር ስለሚችል ቸኩላ ባትገዛ ይሻላታል። ያላገባችዋ ልጅ ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው። ካፕ ድንግልናን የሚወስድ ነገር አይደለም ቢባልም እናቶች በዚህ ላይ የሚያነሡትን ጥያቄ በማስታወቂያ ማጥፋት አይቻልም። ለልጃገረዶቹ የሚታጠበው የጨርቅ ሞዴስ ይበጃቸዋል።

በጨርቁ በኩል አገሪቱ የራሷ ታሪክ አላት። በአሜሪካ የኬሚካል ምህንድስና የተማሩት ወ/ሮ ፍሬወይኒ መብራህቱ የሚታጠብ ሞዴስ ነድፈው በፓተንት ካስመዘገቡ በኋላ መቀሌ ላይ ማርያም ሰባ የተባለውን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ አስጀመሩ። አንዱ እስከ ሁለት ዓመት ያገለግላል። እ.ኤ.አ. በ2019 የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ተብለው ሲሸለሙ ፋብሪካቸው በዓመት 750,000 ያህል ያመርት ነበር። የገበያ ሰው ሊያተኩርበት የሚገባው ግን ሌላው ቁጥር ነው፤ በዚያን ጊዜ ከምርቱ ከ80 በመቶ በላይ የሚገዙት በነፃ የሚያድሉ ድርጅቶች ነበሩ። ይህ ለፋብሪካው እስትንፋስ እንደነበር አይካድም። ነገር ግን የሚከፍለው አንድ፣ የሚጠቀመው ሌላ የሆነበት ዕቃ ለባለሱቅ መንገድ አይከፍትም። በነፃ ስትጠብቅ የኖረች ሴት ከሱቅ አትገዛም፤ ለጋሹ ሲሄድ ደግሞ ሱቁም አይኖርም።

የጨርቁ ችግር ውኃና ገመድ ነው። ሳሙና ያስፈልገዋል፤ ውኃ ያስፈልገዋል፤ ፀሐይ ላይ መሰጣት አለበት። በኪራይ ግቢ ስድስት ሰባት አባወራ በሚጋራው ገመድ ላይ ማን ያሰጣዋል? ስለዚህ አልጋ ሥር ይደርቃል፤ በወጉም አይደርቅም። ካፑ በዚህ በኩል ይበልጣል። ሲደፋ ለማለቅለቅ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይበቃዋል፤ ለመቀቀል አንድ ባዶ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ለብቻው ቢመደብለት ከቡናው እሳት ጎን ሥራው ያልቃል። ኔፓል ውስጥ ቺትዋን በተባለ አካባቢ ለልጃገረዶች ካፕ ሰጥተው የተከታተሉ ተመራማሪዎች ከትምህርት ቤት መቅረትን የሚቀንስ ውጤት አላገኙም፤ በነዚያ ቀናት ግን የልብስ ማጠቢያውን ጊዜ በ20 ደቂቃ ያህል ቀንሶላቸዋል። ለሪፖርት ጸሐፊ ይህ ትንሽ ነው። ውኃ በጀሪካን ለሚቀዳበት ቤት ግን ትንሽ አይደለም።

ወላይታ ላይ ይህ ዕቃ ለማን እንደሚሆን ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም። ገና ሳይነጋ ከአረካ ወይም ከገሱባ ቅቤ ይዛ ተሳፍራ ሶዶ የምትውለው ነጋዴ ናት። ከተፈራው መጸዳጃ ቤት ሳትገባ፣ ነጠላዋን እየዞረች ሳታይ፣ ከመደቧ ሳትነሣ መዋል አለባት፤ ተነሥታ ከሄደች ደንበኛዋ ወደ ጎረቤት መደብ ይሻገራል። ወልዳለች፤ ሰውነቷን ታውቃለች፤ የምታዘው ገንዘብም አላት። የሌላት በአንድ ቀን የሚወጣ 1,500 ብር ነው።

መንግሥት በበኩሉ ወደ አገር በሚገባው የወር አበባ መጠበቂያ ላይ ይከፈል የነበረውን የ30 በመቶ ቀረጥ እ.ኤ.አ. በ2020 ወደ 10 በመቶ ዝቅ አድርጓል። ይህ መልካም ነው። ግን ቀረጥ መቀነስና ዋጋ መቀነስ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። ታንዛኒያ እ.ኤ.አ. በ2018 ከሞዴስ ላይ ተጨማሪ እሴት ታክስን አንሥታ በዓመቱ መልሳ ጣለችው፤ የቀረበው ምክንያት ቅናሹ ገዢዋ ዘንድ አልደረሰም የሚል ነበር። በመሐል የቀረው የት እንደገባ ለዚህ ገጽ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም።

መፍትሔው ከቀረጥ ይልቅ በአከፋፈሉ ላይ ነው፤ ወላይታ ደግሞ በዚህ ከማንም መማር የለበትም። ለጊፋታ በሬ የሚገዛው ገንዘብ በመስከረም በድንገት አይገኝም። ወንዶቹ ወራት ቀደም ብለው ለበሬው ያዋጣሉ፤ ሴቶቹ ለቅቤው ይቆጥባሉ። በአንድ ጊዜ ከኪስ የማይወጣን ነገር በጥቂት በጥቂቱ አጠራቅሞ መግዛት በዚህ አካባቢ ባህል ነው። ለበዓል ሥጋ የሠራ ቁጠባ ለካፕ የማይሠራበት ምክንያት የለም።

በመደብ የሚጎራበቱ 15 ሴቶች በሳምንት መቶ መቶ ብር እቁብ ቢጥሉ 1,500 ብር ይሆናል፤ በየሳምንቱ አንዷ ካፕ ትወስዳለች፤ በ15ኛው ሳምንት ሁሉም ይዘዋል። ቀድሞ ዕጣ የወጣላት ሁለት ሦስት ወር ስትታገል ቆይታ ለኋለኞቹ አስተማሪ ትሆናለች፤ የትኛውም ማስታወቂያ ይህን አይተካም። የሚያሻሽጠውም ባለሱቁ ሳይሆን አንዲት የተጠቀመች ሴት ብትሆን ነው የሚያዋጣው፤ አዋላጅ ነርስ፣ ጡረታ የወጣች መምህርት ወይም ያቺው የእቁብ ሰብሳቢ። ደላላ በአገራችን ስሙ ባይመሰገንም በእርግጥ ደላላ የሚያስፈልገው ዕቃ ቢኖር ይህ ነው፤ ከገዢና ሻጭ ይልቅ ዕውቀትንና ፍርሃትን ነውና የሚያገናኘው። በካፕ 10 በመቶ ኮሚሽን ብትይዝ ከአንድ እቁብ 2,250 ብር ታገኛለች። ዕቃው አንዴ ቢሸጥም በወላይታ ያለው የገበያ መደብ ብዙ ነው፤ ከሶዶ ወደ ቦዲቲ፣ ከቦዲቲ ወደ አረካ፣ ከዚያ ወደ ጠበላ መሻገር ነው።

ሞዴስ የሚሸጠው ባለሱቅ ከእያንዳንዱ እቁብ በወር 15 እሽግ፣ በተጠቀሰው ዋጋ 900 ብር ሽያጭ ያጣል። ቅር ማለቱ ተፈጥሯዊ ነው። ሆኖም ካፑን ከአዲስ አበባ በጅምላ የሚያስመጣው፣ ለሻሻጯ በዱቤ የሚያስረክበው፣ የልጃገረዶቹን የጨርቅ ሞዴስ ከሶዶ ልብስ ሰፊዎች የሚያሰፋው ሰው መገኘቱ አይቀርም፤ እሱው ራሱ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ከመንገዱ ማዶ ያለው ባለሱቅ። የቅቤው ቁጠባ ለጊፋታ ተከፍሎ ካለቀ በኋላ የሴቶቹ ማኅበር ለሚቀጥለው ዓመት ዳግም ይሰበሰባል። ዋጋና ናሙና ይዞ መቅረብ ያለበት ያኔ ነው።