«ቀጣዩ መቼ ይወጣል?» የሚል ልጅ አንባቢ ነው

 

ሰሞኑን «ወጣቱ ተከታታይ ልብ ወለድ እያሳደደ ቁም ነገር ያለው መጽሐፍ ማንበብ ተወ» የሚል ወቀሳ በዝቷል። እኔ አልስማማም። እዚህ ዘጌ ብዙ ዓመት አማርኛ ያስተማርኩ ሰው ነኝና የምለው አለኝ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ይስማዕከ ወርቁ በ2001 ዓ.ም. «ዴርቶጋዳ»ን ሲያወጣ ገና ወጣት ነበር። ሰላዩ፣ ሳይንቲስቱ፣ ገዳሙ፣ ምሥጢሩ ሁሉ አንድ ላይ፤ ያውም ጣና ላይ! ብዙም ሳይቆይ «ራማቶሓራ» ተከተለ። ያኔ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ ቅጂ በወረፋ ነበር የሚነበበው። የርዕሱን ትርጉም ያልጠየቀኝ ተማሪ አልነበረም።

ልብ ያልኩት ነገር ይሄ ነው። የመጀመሪያው መጽሐፍ ልጁ እጅ የሚገባው በአጋጣሚ ነው፤ ጓደኛው ያውሰዋል ወይ ወንድሙ ከባሕር ዳር ይዞለት ይመጣል። ሁለተኛውን ግን ልጁ ራሱ ነው የሚፈልገው። ይጠይቃል፣ ሳንቲም ያጠራቅማል፣ በጀልባ የሚሻገረውን ሰው ይለምናል። ማንም ሳያዘው መጽሐፍ ፍለጋ የወጣ ልጅ፣ እኔ እንጃ፣ ከዚያ በላይ አንባቢ ምን ይመስላል?

ደግሞ መጠበቁ ራሱ ትምህርት ነው። ግማሽ ገጽ ድርሰት ጻፍ ስለው ራሱን የሚያመው ተማሪ፣ «ቀጣዩ ላይ እንዲህ ነው የሚሆነው» ብሎ ከጓደኛው ጋር ሲሟገት ማስረጃውን ከነገጹ ይጠቅሳል። እኛ ክፍል ውስጥ በግድ የምናስተምረውን እሱ ዛፍ ሥር በፈቃዱ ይሠራዋል።

ዓለም ላይም ያው ነው። የሃሪ ፖተር 7 መጻሕፍት ከ1997 እስከ 2007 እ.ኤ.አ. ድረስ ነው የወጡት። በ11 ዓመቱ የጀመረ ልጅ ሲጨርስ 21 ሞላው ማለት ነው። ከባለታሪኩ ጋር አብሮ አደገ። ተከታታይ መጽሐፍ የሚጥመው ለዚህ ይመስለኛል፤ የምታውቀው ሰው ናፍቆህ ተመልሰህ ትጠይቀዋለህ።

እኛ ታላላቆቹስ? ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርከው ቀጣዩን ክፍል በጉጉት ስንጠብቅ አልነበረም እንዴ? ታዲያ የኛ ጉጉት ቁም ነገር፣ የልጆቹ ጉጉት ዋዛ የሆነው በምን ሒሳብ ነው?

«ይሄ ምናባዊ ነገር የኛ አይደለም» የሚሉም አሉ። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገብተው ግድግዳውን ቢያዩ ጥሩ ነበር። የበላዔ ሰብእ ታሪክ እዚያ በሥዕል አለ። የአቡነ በትረ ማርያም በትር ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆኖ በቀለ ሲባል እየሰማ የማያድግ የዘጌ ልጅ የለም። እምነትን ከልብ ወለድ ጋር እያመሳሰልኩ አይደለም። የልጆቻችን ዓይን ከአንዱ ሥዕል ወደሚቀጥለው እየተሻገረ ታሪክ መከተልን ቀድሞ የለመደ ነው ማለቴ ነው።

እርግጥ ጉድለት አለው። አንዳንዱ ሁለተኛ መጽሐፍ የመጀመሪያውን ዕዳ ሳይከፍል ሌላ ብድር ይወስዳል። ምሥጢሩ ይቆለላል፣ ሰዎቹ ይሳሳሉ፣ ሽያጩ ብቻ ይቀጥላል። ግን ይህንንም ልጁ ራሱ ይደርስበታል። «ጋሼ፣ የመጀመሪያው ይሻል ነበር» ያለኝ ተማሪ፣ ለምን እንደሚሻል ስጠይቀው የሰጠኝ መልስ ሒስ ነበር፤ ቃሉን አላወቀውም እንጂ።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ከተረት የወጣ የ13 ዓመት ልጅ «ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ እስኪደርስ በአማርኛ የሚያነበው ምን አለ? በጣም ጥቂት። በዚያ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልላችን ባለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል። የትምህርት ዘመኑ መሐል ላይ የተቋረጠበት ልጅ፣ «ይቀጥላል» የሚል ቃል መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ሲያነብ ትርጉሙ ከኛ ይለይበታል። ነገ የሚጠብቀው አንድ ነገር አለው ማለት ነው። ያቺን እንኳ አንንጠቀው።

ስለዚህ ደራሲ የሆናችሁ፣ ለዚህ ዕድሜ ጻፉ፤ ከጀመራችሁም ጨርሱላቸው። ሌሎቻችሁ ደግሞ ቤታችሁ አቧራ የጠጣ «ዴርቶጋዳ»ና «ራማቶሓራ» ካለ ለሰፈራችሁ ልጅ ስጡ። ግን ምክር ልስጣችሁ፦ ሁለቱንም አንዴ አትስጡ። የመጀመሪያውን ስጡትና «ቀጣዩ እኔ ጋ ነው» በሉት። በሩን ሲያንኳኳ ታያላችሁ።

እናንተስ፣ ቀጣዩን ፍለጋ ያንከራተታችሁ መጽሐፍ የትኛው ነበር? እስኪ ጻፉልኝ።