ከካሜራው በፊት እግሩ

የሳይንስ ተማሪዎች የቤተ ሙከራ ሥራቸውን በቪዲዮ መቅረጽ ከጀመሩ ሰንብቷል። ዛሬ ስልክ የያዘ ተማሪ ሁሉ የፔንዱለምን ውዝዋዜ ወይም የኳስን አወዳደቅ ቀርጾ በኮምፒዩተር ሊለካው ይችላል። ይሁን እንጂ ጥቂት ገንዘብ ሲገኝ ሁላችንም የምንሮጠው ወደ ካሜራው ነው፤ ካሜራውን የሚሸከመው ትራይፖድ የሚታሰበው በተረፈችው ሳንቲም ነው። በእኛ እምነት ይህ ቅደም ተከተል የተገለበጠ ነው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። ወርዱ 1920 ፒክስል የሆነ ምስል 10 ዲግሪ ስፋት ያለውን እይታ ቢሸፍን፣ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 192 ፒክስል ይደርሰዋል። ካሜራው የአንድ ዲግሪ አንድ አሥረኛ ብቻ ቢነቃነቅ ምስሉ 19 ፒክስል ያህል ይዛነፋል። ይህም በሚለካው አካል እንቅስቃሴ ላይ ስለሚደመር፣ የፔንዱለሙን ከካሜራው መለየት አዳጋች ይሆናል። ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ ውድ ሌንስ ስሕተቱን ይበልጥ ያጎላዋል እንጂ አያርመውም።

እግሮቹ ሦስት የሆኑት በአጋጣሚ አይደለም። በአንድ መስመር ላይ ያልዋሉ ሦስት ነጥቦች ምንጊዜም አንድ ጠለል ይወስናሉ። ስለሆነም ባለ አራት እግር ወንበር በሚንገጫገጭበት ወጣ ገባ ወለል ላይ ባለ ሦስት እግሩ ይረጋል። ድስት የሚጣድባቸው ሦስቱ ጉልቻዎች የሚያስተምሩንም ይህንኑ ነው።

ገዥው አስቀድሞ ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው፣ ካሜራው ይዞራል ወይስ አይዞርም ብሎ ነው። የማይዞር ከሆነ ገንዘቡን በወፋፍራም እግሮችና አጥብቀው በሚይዙ መቆለፊያዎች ላይ ያውል። የሚዞር ከሆነ ግን ዋናው ነገር ካሜራው የሚቀመጥበት ራስ ነው። በደረቅ ሰበቃ ብቻ በሚሠራ ርካሽ ራስ ላይ፣ እንቅስቃሴ ለማስጀመር የሚያስፈልገው ኃይል እንቅስቃሴውን ለማስቀጠል ከሚያስፈልገው ይበልጣል፤ በዚህም የተነሳ ካሜራው መጀመሪያ እምቢ ይልና በድንገት ይፈናጠራል። በዝልግልግ ቅባት የሚሠራው ራስ ግን ተቃውሞው ከፍጥነቱ ጋር ስለሚያድግ እንቅስቃሴውን ያለሰልሳል። በዕቃው ላይ የተጻፈውን ማመን አይበቃም። ካሜራን ሰክቶ በአንድ ጣት በዝግታ ማዞር፣ ሲለቁት ወደ ኋላ መመለስ አለመመለሱን ማስተዋል፣ እግሩን መታ አድርጎ ንዝረቱ እስኪቆም መጠበቅ ከማስታወቂያ የበለጠ ይናገራሉ።

ያለ ተጨማሪ ወጪ የሚገኝ ጥቅምም አለ። የመካከሉን ዘንግ ወደ ላይ አለመምዘዝ፣ ድንጋይ የተሞላ ከረጢት ከመካከሉ አንጠልጥሎ እንዳይወዛወዝ መሬት ማስነካት መሣሪያውን ያረጋጋሉ። በስልክ የሚቀርጽ ሰው ደግሞ ለልኬት ሲሆን የምስል ማረጋጊያውን ያጥፋ፤ ማረጋጊያው ምስሉን በራሱ ስሌት እያንሸራተተ ልኬቱን ያዛባልና።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለን አይጠፋም። እውነት ነው፤ ትራይፖድ መጥፎ ሙከራን ጥሩ አያደርግም። ጉልቻው ከተናጋ ግን ወጡ ይደፋል። ተማሪው ከየት አምጥቶ ይግዛ የሚለው ጥያቄ የበለጠ ይከብዳል። መልሳችን ብቻውን አይግዛ የሚል ነው። አብዛኞቹ ካሜራዎች የሚታሰሩበት የሩብ ኢንች ብሎን ለረጅም ዘመን ሳይለወጥ ስለቆየ፣ ዛሬ የተገዛ ጠንካራ ትራይፖድ ነገ የሚመጣውንም ካሜራ ይሸከማል። አሥር ተማሪዎች አሥር ደካማ ከሚገዙ አንድ ጠንካራ ገዝተው ቢዋዋሱ ይሻላል።

ከዚህም የቀረበ መፍትሔ አለ። ቅየሳ የሚያስተምሩ የምህንድስና ክፍሎች ለመለኪያ መሣሪያዎቻቸው የሚጠቀሙባቸው ከባድና ጽኑ መቆሚያዎች አሏቸው። የብዙዎቹ ብሎን 5/8 ኢንች በመሆኑ ካሜራ በቀጥታ አይቀበልም፤ ቶርኖ ያለው ወርክሾፕ ግን አገናኙን አበጅቶ ሊሰጥ ይችላል። ከትምህርት ክፍሎች የምንጠይቀው አንድ የማዋሻ መዝገብ እንዲከፍቱና ከመስክ ልምምድ ውጪ መጋዘን ውስጥ የሚቆመውን ዕቃ ለሳይንስ ተማሪውም እንዲፈቅዱ ነው። ይህ በጀት ሳይሆን በጎ ፈቃድ የሚጠይቅ ነውና ከመጪው የትምህርት ዘመን በፊት ይጀመር እንላለን።