ሚስቲቱን ማን ጠየቃት?

ልጆች ያሳደገ ባለትዳር አባት «ሴት ነኝ» አለ ሲባል በመካከላችን ሳቅ ጸሎትን ይቀድማል። ቀጥሎ «የጸሎት ርዕስ» ተብሎ ወሬው ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል። ይህ ሐሜት ነው፤ ሌላ ስም አንስጠው።

ጸሐፊዋን ጃን ሞሪስን አስቡ። እ.ኤ.አ. በ1953 የኤቨረስት ጫፍ መረገጡን ለዘ ታይምስ ጋዜጣ የዘገቡት እኚህ ሰው በ1949 ኤልሳቤጥን አግብተው አምስት ልጆች ወለዱ። በ1972 ካዛብላንካ ሄደው በቀዶ ሕክምና ጾታቸውን ቀየሩ። የብሪታንያ ሕግ ባልና ሚስቱን አፋታቸው። ኤልሳቤጥ ግን ጥላቸው አልሄደችም፤ በ2008 እንደገና በሕግ ተጣመሩ።

እኔ ዘፍጥረት 1፥27ን እንደ ተጻፈው የማምን ሰው ነኝ፤ የሞሪስን ውሳኔ ትክክል ነው አልልም። በዚህ ያዘነብኝ ይዘንብኝ። ነገር ግን ኤልሳቤጥ የእኛ አጥቢያ አባል ብትሆን ኖሮ «ምን ብታደርገው ነው?» እንላት ነበር። ከመዘምራንም እናግዳት ነበር፣ ያለ አንዳች ጥፋቷ። (ለእገዳ ስብሰባ ሽማግሌዎቻችን አይዘገዩም።) ልጆቿስ በሰንበት ትምህርት ቤት ከማን አጠገብ ይቀመጡ ነበር? እስቲ በእግዚአብሔር ፊት መልሱልኝ፦ ከእናንተ መካከል የዚያን ቤት በር አንኳኩቶ፣ ምንም ሳይጠይቅ፣ ቡናዋን የሚጠጣላት ማን ነበር?