ማሪዋና በውጭ አገር መፈቀዱ ለእኛ ጤና ምን ማለት ነው?

«አክስቴ ባለችበት ሜሪላንድ በሱቅ፣ በደረሰኝ ይሸጣል። ጎጂ ቢሆን ኖሮ ይፈቅዱት ነበር?» ይህ በዓለም ገናና በሰበታ ከወጣት ታካሚዎች ደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄ ነው። ወላጆች ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሌላ ይጠይቃሉ፦ «ልጄ እንደሚያጨስ ደርሼበታለሁ። ሐኪም ቤት ብወስደው ይታሰርብኛል?»

ሁለቱም ጥያቄዎች የሚመጡት ሕግና ጤና ሲደባለቁ ነው። ልጁ ሕግ የፈቀደውን ሁሉ ጉዳት የሌለው አድርጎ ይወስደዋል። ወላጅ ደግሞ ሕግ የከለከለውን የተጠቀመ ሰው መታከም የማይችል ይመስለዋል። ሁለቱም ትክክል አይደሉም። የወላጁ ስጋት ግን የበለጠ ዋጋ ያስከፍላል፤ በፍርሃት የሚባክነው ጊዜ ሕመሙ ቶሎ ሊታከም የሚችልበት ጊዜ ነውና።

ስለ የትኛው ተክል ነው የምናወራው?

ማሪዋና፣ ሐሺሽ፣ ጋንጃ የሚባሉት ስሞች ካናቢስ የተባለውን ተክል ወይም ከእሱ የተዘጋጀን ነገር ያመለክታሉ። በተክሉ ውስጥ ካሉት ብዙ ንጥረ ነገሮች ዋናው ቲኤችሲ ይባላል፤ ስሜትን፣ የጊዜ ግንዛቤንና ማስታወስን የሚለውጠው እሱ ነው። ሲቢዲ የተባለው ሌላው ንጥረ ነገር አያሰክርም።

ጥንካሬው እንደ ድሮው አይደለም። በአሜሪካ ፖሊስ በያዘው ማሪዋና ውስጥ የነበረው የቲኤችሲ መጠን እ.ኤ.አ. በ1995 ወደ 4 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ በ2014 ወደ 12 በመቶ ደርሷል። ስለዚህ «ድሮም ሰው ያጨስ ነበር፣ ምንም አልሆነም» የሚለው ንጽጽር ዛሬ ብዙም አይሠራም።

አንድ ጥንቃቄ፦ ዕፀ ፋሪስ ወይም አስተናግር የሚባለው ተክል ካናቢስ አይደለም። ፍሬውን ወይም ቅጠሉን የወሰደ ሰው አፉ ይደርቃል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ሰውነቱ ይግላል፣ ይቀባዥራል። ይህ መመረዝ ነው፤ ሊገድልም ስለሚችል ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ያስፈልጋል።

«ተፈቀደ» ሲባል ምን ተፈቀደ?

በዜና የምንሰማው «ተፈቀደ» የሚለው ቃል ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይይዛል።

• ለሕክምና መፍቀድ፦ ሐኪም ለተወሰነ ሕመም ያዝዛል። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2018 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ከሲቢዲ የተሠራ መድኃኒት በልጆች ላይ ለሚታዩ ሁለት ከባድ የሚጥል ሕመም ዓይነቶች ፈቅዷል። ይህ መጠኑ የታወቀ፣ የሚጠጣ መድኃኒት ነው፤ የሚጨስ ቅጠል አይደለም። የሚጥል ሕመም ያለበት ሰው የታዘዘለትን ኪኒን ትቶ ማሪዋና ቢያጨስ ሕመሙ ሊብስበት ይችላል።

• ከወንጀል ዝርዝር ማውጣት፦ ፖርቱጋል እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ለግል የሚሆን ጥቂት ዕፅ ይዞ የተገኘን ሰው ወደ እስር ቤት አትልክም። ሰውየው የሕግ፣ የጤናና የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያዎች ወዳሉበት ኮሚሽን ይቀርባል። ንግዱ ግን እንደተከለከለ ነው።

• ለመዝናኛ መፍቀድ፦ ኡራጓይ እ.ኤ.አ. በ2013፣ ካናዳ በጥቅምት 2018 ፈቅደዋል። ጀርመን በሚያዝያ 2024 ለአዋቂዎች በተወሰነ መጠን መያዝን ፈቅዳለች። በደቡብ አፍሪካ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በመስከረም 2018 አዋቂ ሰው በግል ቤቱ እንዳይከለከል ወስኗል፤ መሸጥ ግን አልተፈቀደም።

ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባቸው የአሜሪካ ግዛቶችም በዚህ መንገድ ሄደዋል። ዋሽንግተን ስቴት እ.ኤ.አ. በ2012 በሕዝብ ድምፅ ፈቀደች። በዋሽንግተን ዲሲ ከየካቲት 2015፣ በቨርጂኒያ ከሐምሌ 2021፣ በሜሪላንድ ከሐምሌ 2023፣ በሚኒሶታ ከነሐሴ 2023 ጀምሮ 21 ዓመት የሞላው ሰው የተወሰነ መጠን መያዝ ይችላል። ልብ ይበሉ፦ እነዚህ የፈቀዱት የአሜሪካ ግዛቶች እንኳ «21 ዓመት የሞላው» ብለዋል። ወጣቶቻችን ጋ የሚደርሰው ዜና «ተፈቀደ» የሚለውን ይዞ ዕድሜውን ትቶ ነው።

በኢትዮጵያስ?

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅን ያለ ፈቃድ ማምረትን፣ ማዘዋወርንና መጠቀምን ይከለክላል። ካናቢስም በዚህ ውስጥ ይገባል። የራስተፈሪያን እምነት ተከታዮች ሻሸመኔ ስለሚኖሩ እዚያ የተፈቀደ የሚመስላቸው አሉ፤ ሻሸመኔም ሕጉ አንድ ነው።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ኮሚሽን በ27 ድጋፍና በ25 ተቃውሞ ካናቢስን እጅግ ጥብቅ ከሆነው ሰንጠረዥ አውጥቶታል። ይህ ለሕክምናና ለምርምር በር ለመክፈት የተደረገ ነው። ካናቢስ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ዕፆች ዝርዝር አልወጣም።

የሁለቱ ወገን ክርክር

ይፈቀድ የሚሉት ቀላል የማይባል ነጥብ አላቸው። አንድ ወጣት በትንሽ ነገር ታስሮ ሲወጣ የወንጀል ሪከርዱ ከዕፁ በላይ ሕይወቱን ሊያበላሽ ይችላል። በጓሮ የሚሸጥ ነገር ምን እንደተቀላቀለበትና ምን ያህል እንደሚጠነክር ማንም አይቆጣጠርም። አልኮልና ሲጋራም ብዙ ሰው እየገደሉ በግልጽ ይሸጣሉ።

አይፈቀድ የሚሉት ደግሞ ንግዱን ያነሳሉ። ነጋዴ የሚያተርፈው አልፎ አልፎ ከሚቀምስ ሰው ሳይሆን በየቀኑ ከሚገዛው ነው። በካናዳ የታየው አንድ ነገር ያስተምራል፦ ማሪዋና ያለባቸው ከረሜላና ቸኮሌት እንዲሸጡ በፈቀዱ ክፍለ ግዛቶች በመመረዝ ሆስፒታል የሚገቡ ሕፃናት ጨመሩ፤ እነዚህን ምርቶች ባገደችው ኩቤክ ጭማሪው ያነሰ ነበር። እንግዲህ ከመፈቀዱና ከመከልከሉ እኩል እንዴት እንደተፈቀደ ወሳኝ ነው ማለት ነው።

ሕክምናው ምን ያውቃል?

ሱስ፦ ማሪዋና ሱስ አያስይዝም የሚባለው ስህተት ነው። ከሚጠቀሙ ሰዎች ከ10 አንዱ ገደማ ሱስ ይይዘዋል፤ በአፍላ ዕድሜ ከጀመሩት ደግሞ ከ6 አንዱ ገደማ። ሲያቆሙ ንዴት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስና ጭንቀት ይመጣሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ይጠነክራሉ፤ በብዙ ሰው ላይ በሁለት ሳምንት ገደማ ይቀላሉ።

የአእምሮ ሕመም፦ ቤተሰብን ከሁሉ በላይ ሊያሳስብ የሚገባው ይህ ነው። በአውሮፓና በብራዚል በሚገኙ 11 ቦታዎች ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት፣ በየቀኑ የሚጠቀሙ ሰዎች ጨርሶ ካልተጠቀሙት ይልቅ ከእውነታ የሚለይ የአእምሮ ሕመም (ሳይኮሲስ) የሚይዛቸው ዕድል ከ3 እጥፍ በላይ መሆኑን አሳይቷል። ጠንካራውን ዓይነት በየቀኑ በሚወስዱት ላይ ወደ 5 እጥፍ ይጠጋል። የሚያጨስ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም፤ አብዛኛው አይታመምም። በልጅነት የጀመረ፣ በየቀኑ የሚጠቀም፣ ወይም በቤተሰቡ ውስጥ የአእምሮ ሕመም ያለ ሰው ግን አደጋው ከፍ ይላል። አጎቱ ወይም እናቱ ስኪዞፍሬንያ ያለባቸው ልጅ ከጓደኞቹ እኩል አይደለም፤ ይህን በግልጽ ሊነገረው ይገባል።

ሌሎች ጉዳቶች፦ በእርግዝና ጊዜ መጠቀም ክብደቱ ዝቅተኛ የሆነ ሕፃን ከመውለድ ጋር ይያያዛል። ለብዙ ጊዜ ያጨሱ አንዳንድ ሰዎች የማያቋርጥ ትውከትና የሆድ ሕመም ይይዛቸዋል፤ በሙቅ ውኃ ሲታጠቡ ለጊዜው ይሻላቸዋል፣ ሲያቆሙ ይድናሉ። ዕፁ ምላሽ የመስጠትን ፍጥነትም ይቀንሳል። ባጃጅ ለሚነዳ ወይም በፋብሪካ ማሽን ላይ ለሚሠራ ወጣት ይህ የእጅና የሕይወት ጉዳይ ነው።

የእኛ ሰፈር ሁኔታ

እዚህ ማሪዋና ብቻውን የሚመጣው ከስንት አንዴ ነው። ከሰዓት በኋላ ጫት፣ ከዚያ ሲጋራ ወይም ሺሻ፣ ማታ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ፤ ማሪዋናው በዚህ መሃል ይገባል። ጫት ያነቃቃል፣ አልኮል ያደነዝዛል፣ ማሪዋና ደግሞ ጥርጣሬና ፍርሃት ሊያመጣ ይችላል። ሁሉም እንቅልፍን ያዛባሉ። ስለዚህ «ያጨሳል ወይስ አያጨስም?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም፤ ከምን ጋር፣ በሳምንት ስንት ቀን፣ እንቅልፉስ እንዴት ነው ብሎ መጠየቅ ይገባል።

የእኔ አቋም የሚነሳውም ከዚህ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ለ21 ዓመት በታች አልኮልና ሲጋራ እንዳይሸጥ ይከለክላል። በዓለም ገና፣ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ መንገድ ዳር አንድ ግሮሰሪ ገብተው መታወቂያ የሚጠይቅ ሻጭ ካዩ ንገሩኝ። ያለንን የዕድሜ ገደብ ሳናስከብር ማሪዋናን ለንግድ ብንፈቅድ ሜሪላንድ ያለውን ሕግ አናገኝም፤ የምናገኘው ዕቃውን ብቻ ነው። በሌላ በኩል የሚጠቀመውን ልጅ ማሰር ሕመሙን አያድንም። ስለዚህ ንግዱ ተከልክሎ ይቆይ፤ ሱስ የያዘው ሰው ግን በመጀመሪያ እንደ ታካሚ ይታይ እላለሁ።

ቤተሰብ ምን ማድረግ ይችላል?

• ሰክሮ እያለ አይነጋገሩት። ሲረጋጋ ለብቻው፣ ያለ ጎረቤትና ያለ ዘመድ ጉባኤ ያነጋግሩት። «አሳፈርከን» ከማለት ይልቅ «እንቅልፍህ ጠፍቷል፣ አሳስቦኛል» ማለት በር ይከፍታል።

• እነዚህን ምልክቶች ካዩ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት፦ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ መስማት፣ «ይከታተሉኛል፣ ሊመርዙኝ ነው» ማለት፣ ለቀናት አለመተኛት፣ ብቻውን ማውራት፣ ራሱን ወይም ሌላ ሰውን እጎዳለሁ ማለት። ራሴን አጠፋለሁ ካለ ብቻውን አይተዉት።

• ሕክምና በመሄዱ ይታሰራል ብለው አይስጉ። የሕክምና ባለሙያ የታካሚውን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ያለ ሕጋዊ ምክንያት ምስጢር ማውጣት ራሱ በወንጀል ያስጠይቃል። ሐኪሙ የሚጠይቀው ትክክለኛውን መድኃኒት ለመምረጥ ነው፤ የተወሰደውን ሁሉ በግልጽ ይንገሩት።

• በአቅራቢያ ካለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይጀምሩ። አስፈላጊ ሲሆን ወደ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወይም ሌላ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሪፈር ይጻፋል። ጠበልና ሕክምና አይጣሉም፤ ጠበል ሲሄድ የታዘዘለትን መድኃኒት እንዳያቋርጥ ብቻ ይጠንቀቁ። ማሰርና መደብደብ ግን ሕመሙን ያባብሳሉ።

• ውጭ አገር ያለ ዘመድ የሚልከውን ከረሜላና ቸኮሌት ማሸጊያውን ያንብቡ። ማሪዋና ያለበት ከሆነ እዚህ ማስገባቱ ወንጀል ነው፤ ለሕፃን ደግሞ መርዝ ነው። የተበላው ከ30 ደቂቃ እስከ 2 ሰዓት ድረስ ላይሰማ ስለሚችል «አልሠራም» ብሎ መድገም ሰውን ሆስፒታል ያስገባል። በስህተት የበላ ሕፃን ከተኛና መቀስቀስ ካስቸገረ ማሸጊያውን ይዘው ወዲያውኑ ይሂዱ።

• ዲቪ ወይም የቤተሰብ ቪዛ የሚጠብቅ ሰው ይህን ይወቅ፦ በቪዛ የሕክምና ምርመራ የተከለከለ ዕፅ ሱስ ከተገኘ ቪዛ ሊከለከል ይችላል። አሜሪካ ገብቶ ዜግነት የሚጠብቅም ሰው፣ ግዛቱ ቢፈቅድለት እንኳ ማሪዋና መጠቀሙ ማመልከቻውን ሊያስወድቅበት እንደሚችል የኢሚግሬሽን አገልግሎቱ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 አስታውቋል።

አንድ ወጣት ለማቆም ከወሰነ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ብቻውን እንዳያሳልፍ ያግዙት፤ ጫቱንና አልኮሉንም አብሮ መቀነስ ይኖርበታል። ተመልሶ ቢጀምር ሕክምናው ከሸፈ ማለት አይደለም፤ እንደገና ይዘውት ይምጡ።

ይህ ጽሑፍ ለጠቅላላ ግንዛቤ የቀረበ በመሆኑ የሐኪም ምርመራን አይተካም።