ችግሩ ሶፋው ሳይሆን ሊሾው ነው

በዚህ ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ስለ ፕሬስ ነጻነት፣ ስለ ካፌ ወረፋ ወይም ስለ ግሬድ ነው። እኔ ግን ስለ ጥንቸል ልጽፍ ነው። የዶርም ጓደኞቼ ይህን ሲሰሙ «ሁለት ዓመት ጋዜጠኝነት ተምረህ መጨረሻህ ጥንቸል ሆነ?» ብለው ስቀውብኛል። ይሳቁ። እኔም ስቄ ነበር፤ ጣጣው የመጣውም ከዚያው ከሳቁ ነው።

የቤተሰቦቼ ቤት አንበሳሜ ነው። (ለማታውቋት፣ ከባሕር ዳር ወጥታችሁ ከሐሙሲት ተገንጥላችሁ የምትደርሱባት የደራ ወረዳ ከተማ ናት።) የዘጠኝ ዓመት ታናሽ እህቴ አንዲት ነጭ ጥንቸል ነበረቻት፤ ስሟ ጥጥዬ። ማደሪያዋ ጓዳ በር ላይ ያለ የእንጨት ሳጥን ቢሆንም ውሎዋ ሳሎን ነው። ከወለል ወደ ሶፋ፣ ከሶፋ ወደ ሶፋው ክንድ፣ ከዚያ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠረጴዛ ስትዘል ማየት የቤቱ ሁሉ መዝናኛ ነበር። እናቴ እንኳ «ሶፋዬን በላችው!» ብላ ትቆጣና መልሳ እሷው ትስቃለች።

እናላችሁ፣ ባለፈው ዓመት ፋሲካ ነው። ሊሾው ላይ ቄጤማ ተጎዝጉዟል፣ ቡና ተፈልቷል፣ ጎረቤት ተሰብስቧል። ጥጥዬ የሶፋው ክንድ ላይ ቁጢጥ ብላለች። አንድ የጎረቤት ልጅ ሊይዛት እጁን ሲሰድ ደንግጣ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠረጴዛ ዘለለች። ጠረጴዛው ላይ እናቴ በእጇ የሠራችው ዳንቴል ነበር። ዳንቴሉ ከነጥንቸሏ ተንሸራቶ መጣ። መሬት ስትነካ ደግሞ እርጥቡ ቄጤማ የኋላ እግሮቿን ወደ ጎን ወሰዳቸው። ሁላችንም በሳቅ ፈረስን። እኔ በስልኬ እየቀረጽኩ ነበር። ቪዲዮው አሥራ ሁለት ሰከንድ ነው። መጨረሻው ላይ ጥጥዬ በፊት እግሮቿ ብቻ እየተጎተተች ሶፋው ሥር ስትገባ ይታያል። የእኛ ሳቅም ይሰማል።

ማንም ምንም አልጠረጠረም፤ ምክንያቱም አልጮኸችም። ጥንቸል እንደ ውሻ አታላዝንም፣ እንደ ድመት አትነጫነጭም። አዳኝ የሚበላው እንስሳ ሕመሙን ቢያሳይ ቀድሞ የሚበላው እሱ ነውና ዝም ማለትን ተፈጥሮ አስተምራታለች። ማታ ጎመን ስንሰጣት እምቢ ስትል ነው ነገሩ የገባን። እናቴ ቤት ውስጥ የተረፈ አሞክሲሲሊን ነበረና በውኃ በጥብጣ ልታጠጣት አለች። ደግነቱ፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያ የሆነ ጎረቤታችን ደርሶ «ተው፣ ይህ መድኃኒት በአፍ ከተሰጣት አንጀቷ ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ተሕዋስያን ጨርሶ እሷንም ይጨርሳታል» አለን። ጀርባዋን ዳሰሰ፣ የኋላ እግሯን ጣቶች ቆነጠጠ። አልተንቀሳቀሱም። አከርካሪዋ ነው አለ። በአራተኛው ቀን ሞተች። እህቴ «ጋሼ፣ ስትስቅ አላየሃትም እንዴ?» ያለችኝን እስካሁን መልስ አላገኘሁለትም።

ከዚያ ወዲህ ስለ ጥንቸል ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። የአጥንቷ ክብደት ከመላ ሰውነቷ 8 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ የድመት 13 በመቶ ይጠጋል። በዚያች ስስ አጥንት ላይ ግን ትልቅ የኋላ እግር ጡንቻ ተጭኗል። ስለዚህ ተንሸራታ ስትጠማዘዝ ወይም ሰው ይዟት ወገቧን ሳይደግፍ ስትፈራገጥ የራሷ ጉልበት አከርካሪዋን ሊሰብረው ይችላል። ሌላም አለ፤ የውሻና የድመት መዳፍ ሥር ያለው ለስላሳ ትራስ ጥንቸል የላትም፤ ውስጥ እግሯ ጠጉር ብቻ ነው። ለአፈርና ለሣር የተሠራ እግር ነው። ሊሾ ላይ ግን በካልሲ እንደመሮጥ ነው። ዓይኗም ቢሆን ዙሪያውን ሁሉ ያያል እንጂ አፍንጫዋ ሥር ያለውን አያይም።

አባቴ በሬ ሲራመድ አይቶ የቱ እግሩ እንዳመመው ይነግራችኋል። የበግ ጀርባ ዳስሶ ዋጋዋን ይቆርጣል። ስለ ጥንቸል ግን ቤታችን ውስጥ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ለምንስ ይኖራል? እንደ እኛ ባለ የኦርቶዶክስ ቤት ጥንቸል አይበላም፤ ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ከማይበሉት ጋር ቆጥሯታል። አታርስ፣ አትታለብ። የገባችው የልጅ መጫወቻ ሆና ነው፤ መጫወቻ ደግሞ ቢወድቅ ይነሣል። በዚያ ላይ ስሟም ያሳስተናል። አማርኛችን የሜዳዋንም የቤቷንም «ጥንቸል» ይላታል። በደጋችን ሜዳ ላይ ስትፈተለክ የምናያት ሌላ ዘር ናት፤ ዓይኗን ገልጣ፣ ጠጉር አብቅላ ትወለዳለች፣ ኑሮዋ ሩጫ ነው። የቤቷ ጥንቸል ዘሯ ከስፔንና ከፖርቱጋል ምድር ነው፤ ጉድጓድ ቆፍራ የምትኖር፣ ልጆቿንም እዚያው ራቁታቸውን፣ ዓይናቸው እንደተከደነ የምትወልድ። እኛ ግን «ጥንቸል አይደለች እንዴ? ትዘላለች» እያልን የአንዷን ብርታት ለሌላዋ እንሰጣለን።

ታዲያ ሶፋ ላይ አትውጣ እንበል? ብዙ ሰው የሚለኝ ይህንኑ ነው። እኔ አልስማማም። ጥንቸል ከፍ ያለ ነገር ላይ የምትወጣው ጥጋብ ይዟት አይደለም፤ ዙሪያዋን ለማየትና አዲስ ነገር ለማወቅ ነው። ብትከለክሏት ሰው በሌለበት ትወጣለች። በመጥረጊያ ብታባርሯት ደግሞ የባሰ ነው፤ የሚሰብራት በድንጋጤ የሚዘለለው ዝላይ ነውና። ዝላዩን ትተን ማረፊያውን ነው ማየት ያለብን። ሶፋ ብዙ ከፍታ የለውም፤ ጤነኛ ጥንቸል ሶፋ ላይ ወጥታ ብትወርድ የሚጎዳት ነገር ብዙ አይደለም፤ የምታርፍበት ወለል የሚይዛት ከሆነ።

ስለዚህ ኬሻ አንጥፉ። አዎ፣ ያው የእህል ኬሻ። ሰሌንም ይሆናል፤ ግን ዝም ብሎ ሊሾ ላይ የተጣለ ሰሌን ራሱ ስለሚንሸራተት ጠርዙን በሶፋው እግር መጫን ያስፈልጋል። (ይህን የተማርኩት ራሴ ተንሸራትቼ ነው።) ሶፋው አጠገብ በርጩማ ብታስቀምጡላት መውጫና መውረጃ ደረጃ ይሆናታል፤ አንድ ትልቅ ዝላይ ሁለት ትንንሽ ይሆናል። ከሶፋው ወደ ቡፌ ወይም ወደ ቴሌቪዥን የሚያሻግራትን ወንበር አርቁ፤ ዋናው አደጋ ሶፋው ራሱ አይደለም፤ ከሱ ቀጥሎ ያለው ከፍታ ነው። ዳንቴሉን ስለ እግዚአብሔር አንሡት። ቄጤማ በሚጎዘጎዝበት ቀንም ሳጥኗ ውስጥ ትዋል፤ ከቄጤማው ጥቂት ቢሰጣት ደስታዋ ነው።

ልጆች ሊያቅፏት ሲፈልጉ መሬት ላይ ይቀመጡ። አንድ እጅ ከደረቷ ሥር፣ ሌላው ከመቀመጫዋ ሥር፤ በጆሮዋ ማንጠልጠል የሚባል ነገር ፈጽሞ አይሞከር። ብትወድቅ ደግሞ አታሳድዷት፤ ካርቶን ወይም ጣውላ ከሥሯ አስገብታችሁ ሳታጣምሙ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዷት። ባታነክስ እንኳ ግማሽ ቀን ሙሉ ካልበላች አደጋ ላይ ናት። የሰው ኪኒን የሚባል አትሞክሩ፤ የእኛ ቤት ታሪክ ይበቃል።

አንድ መምህራችን ጽሑፌን አይተው «ሰው በተቸገረበት ዘመን ጥንቸል?» ብለውኝ ነበር። ተገቢ ጥያቄ ነው። ያልኳቸው ግን፣ ቲክቶክ ላይ ጥንቸል ከሶፋ ስትዘል የሚያሳይ ቪዲዮ ለአንዷ እንኳ ምን ላይ እንዳረፈች ሳያሳይ እንደሚያልቅ ነው። እኔም የማረፊያዋን ሰከንዶች ቀርጬ ሳላያቸው ቀርቻለሁ። ያችን አሥራ ሁለት ሰከንድ አላጠፋኋትም፤ ለማንም ግን አላሳየሁም።

እህቴ አሁን ሌላ ጥንቸል አላት፤ ግራጫ ወንድ። በርጩማው ከሶፋው አጠገብ ነው፤ ዳንቴሉ ተነሥቷል፤ የሚታቀፈውም መሬት ላይ ተቀምጦ ነው። ጦርነቱ ኬሻው ላይ ነው። እናቴ «ሳሎኔን መጋዘን አደረጋችሁት!» ብላ ስትጮህ ከረመችና በመጨረሻ ተስማማች፤ ግን በአንድ ውል ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ኬሻው ይነሣል። እህቴ ደውላ ስትነግረኝ «ጋሼ፣ እሱ የሚደነግጠው እኮ እንግዳ ሲመጣ ነው» አለችኝ። ለገና ስገባ ከእማዬ ጋር እንደገና እንደራደራለን።